የአዳማ እሑዶች

ዓርብ

የዚህ ጉዞ ምክንያት ሥራ ነው። መሥሪያ ቤታችን ለሥልጠና ወደ አዳማ ላከን። አዲስ አበባ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ሥልጠና ከተባለ አዳማ ነው። ባልደረቦቼ ሆቴል ያዙ። እኔ አጎቴ ዘንድ ማረፍ መረጥኩ። ሥልጠናው የሚጀምረው ሰኞ ቢሆንም ዓርብ ከሰዓት ወጣሁ። እሑድን እዚያ ለማሳለፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ የማስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ነው፤ ያምራል። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ አስፋልት ላይ ይቆማል። ቅዳሴው ሲያልቅ ግን ሁሉም ነጠላውን አጣጥፎ ወደ ታክሲው ነው። ወር ሙሉ ብቀር «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለኝ የለም። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። አዳማ ያሉት ዘመዶቼ ግን እንዲህ አይደሉም። አጎቴ ኦርቶዶክስ ናቸው። ታናሽ እህታቸው፣ አክስቴ፣ መሠረተ ክርስቶስ የምትባለው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። ሁለቱም ስልክ ሲያወሩ «የኛ ሰዎች» ሳይሉ አይዘጉም። እነዚህን ሰዎች ማየት ፈለግሁ። ሰው የአንድ አጥቢያ ሰው የሚሆነው እንዴት እንደሆነ በቅርብ ማየት ፈለግሁ።

ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወሬ ሳይያዝ ያልቃል። ሞጆን አልፈን ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ሲሽከረከሩ ከታዩ ደረስን ማለት ነው። ስወርድ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ባጃጅ ይዤ አጎቴ ቤት ገባሁ። በር ላይ ቆመው «ናዝሬት እንኳን ደህና መጣሽ» አሉኝ። ከተማዋ አዳማ የሚለውን የጥንት ስሟን በ1992 ዓ.ም. በይፋ ብታስመልስም እሳቸው ናዝሬትን አልተዉም።

ቅዳሜ

ለካ ነገ የአጎቴ የሰንበቴ ተራ ነው። ሰንበቴ ላልደረሰበት አንባቢ ባጭሩ ልንገር። የአንድ አጥቢያ ምእመናን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ቤት ይሰበሰባሉ። ተራ የደረሰው አባል ዳቦና ጠላ፣ ንፍሮም ይዞ ይመጣል። ካህናቱ ይባርካሉ። ለድኻ ይሰጣል። ከዚያ ሁሉም አብሮ ይቀምሳል።

የአጎቴ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ጓዳ ናቸው። ጠላው ቀደም ብሎ ተጠምቋል፤ የጌሾው ሽታ ደጅ ድረስ ይመጣል። የዛሬው ሥራ ድፎ ዳቦ ነው። ሊጡ በትልቅ ገበቴ ኩፍ ብሏል። እትዬ ምጣዱ ላይ ኮባ አነጠፉ። ሊጡን ገለበጡበት። በእጃቸው ውኃ እየነከሩ ፊቱን አለሰለሱት፤ ጥቁር አዝሙድ በተኑበት። በላዩ ሌላ ኮባ ደረቡና ቆርቆሮውን ከደኑት። ከዚያ ፍሙን በአካፋ አንሥተው ቆርቆሮው ላይ አፈሰሱ። ከታችም እሳት፣ ከላይም እሳት። ኮባው መጠበስ ሲጀምር የሚወጣው መዓዛ የልጅነቴ መዓዛ ነው።

ሲወጣ ጠርዙ ትንሽ ተሰነጠቀ። እኔ ፍርፋሪውን ላነሣ እጄን ዘረጋሁ። «ተዪ፤ የሰንበቴ ነው፤ ሳይባረክ አይቀመስም» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነን አስቀመጥነው። እትዬ ወገባቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ድካሙ ከባድ ነው። «ለምን ከዳቦ ቤት አይገዛም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ይገዛል፤ የሚገዙም አሉ» አሉ። «እኔ ግን እስከምችል እጋግራለሁ። ተራዬ በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰኝ።» ሲናገሩ ሸክም እንደሚጠብቀው ሰው አልነበሩም። ሠርግ እንደሚጠብቅ ሰው ነበሩ።

እሑድ

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሣን። የጥር ወር ነው፤ የአዳማ ነፋስ ሌሊት ይበርዳል። ዳቦውንና ጠላውን የግቢው ተከራይ ልጅ በጋሪ አስጭኖ ቀደመን። እኛ በእግር ሄድን። መንገድ ላይ ከየበሩ ነጭ ለባሽ ይወጣል። አጎቴ በጨለማ ሁሉንም በአካሄዱ ያውቁታል። «እንዴት አደርክ»፣ «እንዴት አደራችሁ» እያሉ ደረስን።

ማኅሌቱ እያለቀ ነበር። ወንዶች በሰሜን በር፣ ሴቶች በደቡብ በር ገባን። እሑድ ስግደት ስለሌለ ሁሉም ቆሟል። እኔ እናቶች መካከል ቆምኩ። ቦታ መያዝ የሚባል ነገር የለም፤ ግን እያንዳንዳቸው ቦታ አላቸው። አንዷ ግድግዳው ጥግ፣ አንዷ ምሰሶው ሥር። ወደ ምሰሶው ስጠጋ አንዲት እናት በዓይናቸው ትንሽ ወደ ግራ አሳዩኝ። ቦታው የሰው ነው። ጥቂት ቆይቶ ባለቤቷ መጣች።

ቅዳሴው ቀጠለ። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» አለ። እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ጎንበስ ጎንበስ አለ። ይህን እኔም በየሳምንቱ አደርገዋለሁ። አዲስ አበባ ሳደርገው ግን የማላውቀው ትከሻ ነው የማየው። እዚህ እነዚያ እናት ጎንበስ ካሉልኝ በኋላ ከጀርባዬ የወረደውን ነጠላዬን ሰብስበው ትከሻዬ ላይ መለሱልኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዞሩ። ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ቅዳሴው 2 ሰዓት ተኩል ገደማ አለቀ። ስብከት ሰማን፤ ጠበል ጠጣን። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ዘመሩ። ብዙው ሰው ወደ ቤቱ ሄደ። የሰንበቴው አባላት ወደ ግቢው ጥግ ወዳለችው ቤት ገባን።

ቤቷ ጠባብ ናት። ዙሪያዋን አግዳሚ አለ። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ካህኑ ጸሎት አድርገው ዳቦውን በመስቀል አምሳል ቆረሱት። የመጀመሪያው ቁራሽ ወደ ደጅ ወጣ፤ በሩ ላይ ለተቀመጡት ነዳያን። ከዚያ ለካህናቱ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ። እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። አንድ አዛውንት «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የእናቴን ስም ነገርኳቸው። እናቴ ከአዳማ ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ካረፈችም ቆየች። «አሃ! ያቺ ዘፋኟ!» አሉ። እናቴ ልጅ ሆና ትዘፍን እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሦስት ሰዎች ስለሷ እያነሡ አወጉኝ። ከዚያ አንዷ እናት ጆጉን አስያዙኝ። «በይ ተነሺ፣ ጠላ ቅጂ፤ ጉልበት ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ቀዳሁ። ለእያንዳንዱ ጎንበስ ብዬ ቀዳሁ። ሲመርቁኝ አሜን አልኩ። ጆጉን ከያዝኩ በኋላ እንግድነቱ ከላዬ ወረደ። እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማንም ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። ሰውን እንግዳ የሚያደርገው አለመታወቁ ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ገባኝ፤ ምንም ነገር ከእሱ አለመፈለጉም ነው።

ሲቀማመሱ ሙሴው ተነሡ። የሰንበቴውን ጉዳይ የሚመሩትን ሰው እንዲያ ነው የሚሏቸው። ደብተራቸውን ገልጠው የሚቀጥለውን ሳምንት ተረኛ ተናገሩ። ልጇን ለምትድር አባል የሚዋጣውን ነገሩ። ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩና «ማነው የጎደለው?» አሉ። አጎቴ ቀድመው መለሱ። በስተቀኛቸው የሚቆሙት ጓደኛቸው አልመጡም። «ዛሬ በቀኜ በኩል ሰላም የምለው አጣሁ» አሉ። ሦስት ሰዎች ሰኞ ሄደው እንዲያዩዋቸው ተመደቡ። የሰውዬው ድርሻ ዳቦ በፌስታል ተጠቅልሎ ለአጎቴ ተሰጠ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። በዚያ ቤት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በታች የነበርነው እኔና ተከራዩ ልጅ ብቻ ነን። ሰንበቴ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ አንድ ሰፈር ለኖረ ሰው የተሠራ ነው። በየዓመቱ ቤት ኪራይ ሲጨምርበት ሰፈር የሚቀይር ወጣት የት ይግባ? ይህን ጥያቄ አጎቴን ጠየቅኋቸው። «ይምጣ፤ ማን ከለከለው?» አሉ። በቂ መልስ አልመሰለኝም። የማይከለከል ሰውና የተጠራ ሰው አንድ አይደሉም።

ሰኞ

ሥልጠናው ተጀመረ። ስለሱ የምጽፈው የለም።

ማታ ከአጎቴ ጋር ወደ በሽተኛው ቤት ሄድን። ደም ግፊታቸው ተነሥቶባቸው ነው። ሁለቱ ሌሎች ተመዳቢዎች ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ቀድመውናል። ሰውዬው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። አጎቴን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉት «ዳቦዬን አመጣኸው?» ነው። ፌስታሉ ተፈታ። ዳቦው ደርቋል። ሽማግሌው ተሳልመው ቁራሽ ቆረሱ፤ ሻይ ውስጥ ነክረው በሉት። ለልጅ ልጆቻቸውም አካፈሉ። «ቅዳሴው ማን ቀደሰ? ስብከቱ ምን ነበር?» እያሉ እሑዱን በሙሉ አስተረኩን።

ስንመለስ አጎቴ ጠየቁኝ። «ሰበካ ጉባኤ ተመዝግበሻል?»

አልተመዘገብኩም አልኳቸው። ቆም አሉ። የአጥቢያ አባልነት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስምሽ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ዓመታዊ ክፍያሽን ትከፍያለሽ፤ ንስሐ አባት ትይዣለሽ። «ንስሐ አባት ያለው ሰው ቢያንስ አንድ ጠያቂ አለው» አሉኝ። ይህን ሲሉ አልተቆጡኝም። ግን ደጋግመው ነገሩኝ።

ማክሰኞ

ከሥልጠናው ስወጣ በእግሬ በሆስፒታሉ በኩል አለፍኩ። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ የሚባለው፣ ዱሮ በሸዋው አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የሚጠራው ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ፣ ሜኖናይት የሚባለው የፕሮቴስታንት ወገን ሚሲዮናውያን ናቸው ሥራውን የጀመሩት፤ መጀመሪያ የገቡበትም ጥጥ መዳመጫ የነበረ ቤት ነው። ነገ ወደ አክስቴ ስለምሄድ ይህን ቦታ ማየት ፈልጌ ነበር። የአክስቴ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከዚህ ግቢ ይነሣልና። በሆስፒታሉ ድሬሰሮች፣ ማለትም የሕክምና ረዳቶች፣ ሠለጠኑ። በ1950ዎቹ መግቢያ የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ተከፈተ። እንግሊዝኛ ለመማር ብለው ከሚሲዮናውያኑ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የጀመሩ ተማሪዎች ነበሩ። «የሰማይ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች ኅብረት ከዚህችው ከተማ ተነሣ።

በሩ ላይ አስታማሚዎች ፔርሙዝ ይዘው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ጥቂት ቆሜ ሄድኩ።

ረቡዕ

የአክስቴ የቤት ኅብረት ረቡዕ ማታ ነው። በየሳምንቱ ከአንዱ አባል ቤት ይሆናል፤ ዛሬ የእሷ ቀን ነው። ስደርስ ሳሎኑ ተወልውሏል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠግቷል። ከጎረቤት የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ለእንግዶቹ ዶሮ ሳንዱች አዘጋጅታለች። ለእኔ ግን ለብቻው ሽሮ ሠርታ ከድና አስቀምጣለች። «ረቡዕ ነው፤ አንቺ ትጾሚያለሽ» አለችኝ። አልነገርኳትም ነበር። የማትጾም ሴት የእኔን ጾም አስባልኛለች።

አስር የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። መምህርት አለች። አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት አሉ። ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ከአርባ ምንጭ ተዛውራ የመጣች ልጅ አለች፤ ከተማዋን ገና አልለመደችም። ዘመሩ፤ ያለ ኪቦርድ፣ በዝግታ። አንድ ምዕራፍ አነበቡ። ከዚያ የጸሎት ርእስ ተጠየቀ። ባጃጅ ነጂው መንጃ ፈቃዱ እንደተያዘበት ተናገረ። ባንክ ቤቷ ልጅ ትንሽ ዝም አለችና «ቤት እየፈለግኩ ነው፤ አከራይዋ ልቀቂ ብላኛለች» አለች። ጸለዩ። ጸሎቱ እንዳለቀ መምህርቷ ስልኳን አወጣች። «የኔ ጎረቤት ሰርቪስ ቤት ታከራያለች» ብላ እዚያው ደወለች። ነገ ጠዋት እንድታየው ቀጠሮ ተያዘ። ጸሎቱና ስልኩ ለእነሱ አንድ ነገር ነው፤ በመካከላቸው ድንበር አላየሁም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ከአክስቴ ጋር ቡና አፈላን። ይህን ኅብረት ለምን እንዲህ አጥብቃ እንደያዘችው ጠየቅኋት።

በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ። ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ። ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ። አክስቴ ያኔ ተማሪ ነበረች። «እሑድ ስንሄድ በሩ ተዘግቷል። ቤት የለንም። ከዚያ በየሰው ቤት ገባን» አለች። ከስድስት ከሰባት አይበልጡም። አንድ ላይ አይገቡም፤ በየተራ፣ በልዩ ልዩ ሰዓት። ጫማ በር ላይ አይተዉም፤ ብዙ ጫማ ከታየ ጥያቄ ያመጣል። ጀበና ይጣዳል፤ ሰው ቢመጣ ቡና ነው። «መዝሙር በከንፈር ነበር። ድምፅ የለውም። ግን እንደዚያ ዘምሬ አላውቅም» አለችኝ። እጇ ሲኒው ላይ ቆሞ ቀረ።

ከሁሉ በልጦ የነካኝ ግን ሌላ ነው። «ያኔ አንድ ሰው ከቀረ ታስሮ ይሆናል እንላለን። ሳንጠይቅ አናድርም። ማታ ካልመጣ በማለዳ አንዳችን በደጁ እናልፋለን። እሱም ያውቀዋል።» ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ዛሬ የሚያስር የለም። መጠየቁ ግን አልቀረም።

ስትዘጋ 5 ሺህ ያህል አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን ደርግ በ1983 ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆና ወጣች። አክስቴ ቁጥሩን ስታነሣ አትኮራበትም። «ሕንጻ ኖሮን ቢሆን እንዲህ አንተዋወቅም ነበር» ነው የምትለው። አሁን ሕንጻ አለ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይሰበሰባል። እሷ ግን አሁንም የምትፈራው አንድ ነገር ነው፦ እሑድ ብቻ መጥቶ፣ ወንበር ይዞ፣ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው። «እሱ ለአስር ዓመት ቢመላለስም እንግዳ ነው» አለች። ስለ እኔ መናገሯ አልነበረም። እኔ ግን ስለራሴ ሰማሁት።

ሐሙስና ዓርብ

ሥልጠና፣ ሥልጠና። ሐሙስ ማታ ተከራዩን ልጅ አገኘሁት። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፤ አገሩ ጎንደር ነው። የት ታመልካለህ አልኩት። ግቢ ጉባኤ አለን አለ። የዩኒቨርሲቲ ኦርቶዶክስ ተማሪዎች የሚማሩበትና የሚያገለግሉበት ጉባኤ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ የተቀበሉት የግቢ ጉባኤ ልጆች ናቸው። ሻንጣውን ተሸከሙለት፤ ዶርሙን አሳዩት። «እናቴ ስትደውል ከነሱ ጋር ነኝ ስላት አለቀሰች» አለኝ። ጴንጤዎቹም ፌሎሺፕ አላቸው፤ እነሱም መናኸሪያ ላይ ይጠብቃሉ። ለእሑዱ ጥያቄዬ ከፊሉን መልስ ከዚህ ልጅ አገኘሁ። ወጣቱ የተጠራበት ቦታ አለ። ችግሩ ከተመረቀ በኋላ ነው። ያኔ ማን ይቀበለው?

ቅዳሜ

አክስቴ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ቤት መጣች። እትዬ ቡና አቀራረቡ፤ ፈንዲሻው ተበተነ። ሦስቱን አንድ ላይ ሳይ ቀላል ይመስላል። ቀላል አልነበረም። አክስቴ «ጴንጤ ሆነች» በተባለ ጊዜ አጎቴ ለዓመታት አላናገሯትም። በመንገድ ሲተያዩ አንዱ ወዲያ ማዶ ይሻገር ነበር።

የታረቁት አያቴ ባረፉ ጊዜ ነው። ቀብሩ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ተፈጸመ። ድንኳኑ አጎቴ ቤት ተተከለ። አክስቴ ለቅሶ ላይ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። በማግሥቱ የማይታወቁ ሴቶች መጥተው ጓዳ ገቡ። ውኃ ቀዱ፤ ሳህን አጠቡ፤ ለለቅሶተኛው ንፍሮ አዞሩ። ሦስቱን ቀን ሙሉ። ከእድሩ ሰዎች አንዱ «እነዚህ የማን ሰዎች ናቸው?» ብሎ አጎቴን ጠየቃቸው። «የእህቴ ሰዎች ናቸው» አሉ። ያን ቃል አክስቴ በጆሮዋ ሰማችው። «ወንድም ጋሼ እህቴ ካለኝ ስንት ዘመን ሆኖት ነበር» ትላለች።

ዛሬ ቡናው ላይ ሌላም ነገር ተነሣ። ዱሮ በብዙ ከተማ ወንጌላውያን ሲሞቱ መቀበሪያ ይከለከሉ ነበር። አክስቴ የአንድ ወንድማቸውን አስከሬን ይዘው መቀበሪያ ፍለጋ የዋሉበትን ቀን አነሣች። ለነቀፋ አልነበረም፤ ወሬው ወስዷት ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ያ ልክ አልነበረም» አሉ። «ሙት አይከለከልም። እኛም ያኔ ዝም አልን።» አክስቴ ምንም አላለችም። ተነሥታ ሁለተኛውን ቀዳችላቸው።

እኔ የሁለቱን እምነት ልዩነት ትንሽ ነው አልልም። ትንሽ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዓመት ባልተኳረፉ ነበር። አጎቴ አክስቴ ወደ እናት ቤቷ እንድትመለስ ዛሬም ይጸልያሉ። እሷም ለእሳቸው ትጸልያለች። ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ።

እሑድ

በማለዳ ከአጎቴ ጋር አስቀደስኩ። ያ ታመው የነበሩት ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው መጥተዋል። ከሰንበቴው ደጅ ብዙ ሰው ከቧቸዋል።

ከዚያ አክስቴን አግኝቻት ወደ መሠረተ ክርስቶስ ሄድን። እንደ ዘመድ ነው የሄድኩት፤ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ እሷም አላስጨነቀችኝም። በአዳማ በብዙ የወንጌላውያን አጥቢያዎች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አምልኮ አለ። እኛ ስንደርስ የአፋን ኦሮሞው ተጠናቆ ሰዎች ይወጣሉ፤ የአማርኛው ሰው ይገባል። በሩ ላይ ሁለቱ ወንዞች ይገናኛሉ። «አካም ጅርቱ»፣ «ሰላም ናችሁ»፣ «ጌታ ይባርካችሁ» ይባባላሉ። ይህ ግርግር ከገባንበት አዳራሽ በላይ አስደሰተኝ። አክስቴ በሁለቱም ቋንቋ እየመለሰች፣ ሕፃን እየሳመች፣ በአንድ እግሯ ወደ ውስጥ በአንድ እግሯ ወደ ውጭ ቆየች። አስተናጋጅ ናት። ሰው ማስቀመጥ፣ ወንበር መፈለግ፣ እናቶችን ወደ ደገፍ ያለ ቦታ መውሰድ የእሷ ሥራ ነው።

ዝማሬው ረጅም ነው። ድምፅ ማጉያው ለእኔ በዝቶብኛል፤ ጆሮዬ ያልለመደው ነው። ሕዝቡ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ ከልቡ ነው የሚዘምረው። አንዲት ልጅ ወጥታ መሰከረች፤ ሥራ ስታጣ የቆየች፣ አሁን ያገኘች። ያቺ ከአርባ ምንጭ የመጣች የባንክ ቤት ልጅ አይታ በእጇ ጠራችኝ፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቤቱን ወስዳዋለች። ትላንት የኅብረቱ ልጆች ፍራሿን በባጃጅ አመላልሰውላታል።

ማስታወቂያ ላይ «እንግዶች ካላችሁ ቁሙልን» ተባለ። ቆምኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበ። በደግነት ነው። ሆኖም ልንገራችሁ፣ ከሁሉም ይልቅ እንግዳ የሆንኩት በዚያች ደቂቃ ነው። አንዳንዱ ሰው በዚህ ደስ ይለዋል፤ አንዳንዱ ግን በሚቀጥለው ሳምንት እንዳይቆም ሲል ሊቀር ይችላል። ለአክስቴ ስነግራት አሰበችበት። «ልክ ነሽ፤ እኔም ቁሙ ከሚባሉት ይልቅ በር ላይ እጃቸውን የያዝኳቸው ናቸው የሚመለሱት» አለች።

ስብከቱ ሲያልቅ ሰዉ ወዲያው አልተበተነም። አክስቴ ግን ወንበሮቹ መካከል ቆማ በጣቷ ትቆጥራለች። «ሁለቱ አልመጡም» አለችኝ። ስልኳን አውጥታ ለአንዱ ደወለች። አልተነሣም። «ስንመለስ በደጁ እናልፋለን» አለች። አለፍን። ሰውዬው ጤነኛ ነው፤ እንቅልፍ ጥሎት ነው። በሩን በፎጣ ከፍቶ ሲያያት አፈረ። «አይዞህ፤ መኖርህን ላይ ነው» ብላው መንገዳችንን ቀጠልን።

ምሳ አጎቴ ቤት ነበር። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፤ ማታ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። እጅ ታጥበን ስንቀመጥ አጎቴ የመጋቢት ሚካኤል የጽዋ ማኅበራቸው ተራ እሳቸው ቤት እንደሆነ ተናገሩ። ሁዳዴ ስለሚሆን ወጡ ምስርና ሽሮ ነው። ጠላውን እትዬ ይጠምቃሉ። አክስቴ ጠላ ባትቀምስም ቡናውን እኔ አፈላለሁ አለች፤ አጎቴም «መቼ ሰው አጣንና» አላሉም፤ «ጀበናው ትልቁ ይሁን፤ ሰው ይበዛል» አሉ። ዳቦው ቀረ። እትዬ ወደ እኔ አዩ።

«በዋዜማው ሌሊት ሳይሆን ከሰዓት ግቢ» አሉኝ። «ሊጡን አብረን እናቦካለን። ኮባውን እኔ ገዝቼ አቆያለሁ።»

እሺ አልኩ። አጎቴ ስሜንና ቀኑን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።